የወፍ ጎጆና መሰላል
የአይሁድ ሊቃውንት ስለ ዋጋና ስለ ቅጣት ያስተማሩትን የሚመረምር ሐተታ

ከኢየሩሳሌም ቅጥር በስተ ደቡብ፥ ቁልቁል ወደ ሰሊሆም የሚወርድ ተሳላሚ ሁለት የወንጌል ታሪኮች ትዝ ይሉታል። አንደኛው በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈው፥ ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ታሪክ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ያን ሰው ባዩ ጊዜ መምህራቸውን የጠየቁት ዓይኑ ይበራለት ዘንድ አልነበረም፤ ለዕውርነቱ ምክንያት የሆነው የራሱ ኃጢአት ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ነበር እንጂ። ሁለተኛው በሉቃስ ወንጌል የሚገኘው፥ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው ስለ 18ቱ ሰዎች የተነገረው ነው። በ2004 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ሲሠራ፥ በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን የነበረ የትልቅ መጠመቂያ ደረጃ ከአፈር በታች ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ታሪኮች ጌታችን ጠያቂዎቹ የሌላውን ሰው መከራ ይመዝኑበት የነበረውን ሚዛን ከእጃቸው ወሰደባቸው።

ከዚህ ንባብ ተነሥተው ብዙዎች ሰባክያን እንደዚህ ሲሉ ይሰማል፤ «አይሁድ የሚያውቁት የዚህን ዓለም ዋጋ ብቻ ነው። ሕግ ለጠበቀ ዝናምና እህል፥ ዕድሜና ልጅ ይሰጠዋል፤ ሕግ ላፈረሰ በሽታና ረኃብ ይመጣበታል። ስለዚህ የታመመውን ሁሉ ኃጢአተኛ፥ የበለጸገውን ሁሉ ጻድቅ ያደርጋሉ» ይላሉ። ይህ ነገር በስብከትም፥ በጽሑፍም፥ በተሳላሚዎች ጨዋታም ላይ እንደ ታወቀ እውነት ሆኖ ይነገራል። እኛ ግን ነገሩ እንደ ተባለው መሆኑን ልንመረምር አሰብን። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፥ በጎረቤት ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ጎረቤቱ አይሁዳዊ በሆነ ጊዜ አይሻርምና ነው። ሁለተኛ፥ ይህን ወቀሳ አብዝተው የሚናገሩ ሰዎች ራሳቸው ወደ በሽተኛ ቤት በገቡ ጊዜ የሚወቅሱትን ያንኑ ሥራ ሲሠሩት ስለሚታይ ነው።

በቅድሚያ ወቀሳው መነሻ የሌለው እንዳልሆነ መመስከር ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 26 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 የተጻፉት በረከትና መርገም በእርሻና በጎተራ፥ በማኅፀንና በሰይፍ የሚፈጸሙ ናቸው። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍም ሰው በሰፈረበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርለት ያስተምራል፤ ሶምሶን ዓይኑን ስለ ተከተለ ዓይኑ እንደ ወጣ፥ አቤሴሎምም በጠጕሩ ስለ ተመካ በጠጕሩ እንደ ተሰቀለ ይቈጥራል። በእኛም አገር በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላልና፥ ይህ ዐሳብ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው በዚያው መጽሐፍ ስለ ሰንበት በተጻፈው ክፍል፥ በወሊድ ጊዜ ስለሚሞቱ ሴቶች የተነገረው ነው፤ ሦስት ትእዛዛትን በማቃለላቸው እንደሚሞቱ ይናገራል። ልጅ ስትወልድ በሞተች እናት ሬሳ አጠገብ የቆመ ባል ይህን ቃል ቢሰማ ምን ይላል? እኛ ይህን ንባብ የምናለሳልስበት ምክንያት አላገኘንም። የከበደ ቃል ነውና እንደ ከበደ ይቀመጥ።

ነገር ግን አንድን ሕዝብ በአንድ ንባብ መፍረድ የሊቅ ሥራ አይደለም። የእኛ መምህራን አንዱን ጥቅስ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ትርጓሜ እንደሚደረድሩ፥ የአይሁድም መምህራን በታልሙድ እንዲሁ የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር እያጋጩ ያስቀምጣሉ። አንዱን «አንድም» ብቻ ሰምቶ የወጣ ተማሪ ትርጓሜውን ተማርሁ ሊል እንደማይችል፥ ከታልሙድም አንድ ቃል ብቻ መዝዞ የአይሁድ ሃይማኖት ይህ ነው የሚል ሰው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ ሄደን ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተለው።

ስፍራው በባቢሎን ታልሙድ፥ ቅዱሺን በተባለው ክፍል በ39ኛው ቅጠል ነው። መነሻው አንዲት ትእዛዝ የፈጸመ ሰው መልካም እንደሚሆንለት፥ ዕድሜው እንደሚረዝምለት፥ ምድርንም እንደሚወርስ የሚናገረው የሚሽና ቃል ነው። በዚህ ላይ በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረ ረቢ ያዕቆብ የሚባል መምህር ተነሥቶ፥ የትእዛዝ ዋጋ በዚህ ዓለም የለም ብሎ ተከራከረ። ማስረጃ አድርጎ ያመጣውም ታሪክ ይህ ነው። አንድ አባት ልጁን ከፍ ወዳለው ሕንፃ ወጥቶ የወፍ ጫጩቶች እንዲያወርድለት አዘዘው። ልጁም ወጣ፤ በኦሪት እንደ ታዘዘው እናቲቱን ወፍ ለቀቀ፤ ጫጩቶቹንም ወሰደ፤ ሲመለስ ግን ወደቀና ሞተ።

ነገሩን ላስተዋለው፥ ይህ ታሪክ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አባትና እናትን ማክበር ረጅም ዕድሜ ያሰጣል ተብሎ በዐሥርቱ ቃላት ተጽፏል። እናቲቱን ወፍ ለቅቆ ጫጩቶቹን መውሰድም ረጅም ዕድሜ ያሰጣል ተብሎ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ተጽፏል። አንዱ በትእዛዛት መካከል እጅግ ከባዱ፥ ሌላው እጅግ ቀላሉ ነው ይባላል። ያ ልጅ ሁለቱን ባንድ ሰዓት ፈጸመ፤ የሞተውም በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ረቢ ያዕቆብ የተስፋው ቃል በተጻፈበት በዚያው ቦታ ላይ የሞተ ልጅ አምጥቶ በጉባኤው ፊት አስቀመጠ። ይህን ያደረገው የሃይማኖት ጠላት አይደለም፤ የሃይማኖት መምህር ነው።

ከዚህ በኋላ ጉባኤው መሸሻ ይፈልጋል፤ መሸሻውም ሁሉ ባንድ ባንድ ይዘጋል። ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አልሆነ ይሆናል ቢባል፥ ረቢ ያዕቆብ በዓይኑ አይቶታል ተብሎ ተመለሰ። ምናልባት ልጁ በልቡ ክፉ ያስብ ነበር ቢባል፥ ክፉ ዐሳብ እንደ ሥራ ተቈጥሮ አያስቀጣም ተባለ። ምናልባት ዐሳቡ የጣዖት ዐሳብ ነበር ቢባል፥ ትእዛዝ መጠበቅ በዚህ ዓለም ዋጋ የሚከፈልበት ቢሆን ኖሮ ያ ትእዛዝ ከእንዲህ ያለው ዐሳብ ራሱ ይጠብቀው አልነበረምን ተባለ። ከዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ ያስተውል። «ሳናውቀው የሠራው ኃጢአት ይኖር ይሆናል» የሚለው ነገር እኛ በለቅሶ ቤት ቶሎ የምንናገረው ነው። የታልሙዱ ጉባኤ ግን ይህን ቃል ሞክሮ ጣለው። የሞተውን ልጅ ስም ለማጥፋት አልፈቀደም።

በመጨረሻ ለትእዛዝ የተላከ ሰው አይጎዳም የሚለው የሌላ መምህር ቃል ተነሣ። መልሱም መሰላሉ የተበላሸ ነበር፤ ጉዳት በታወቀበት ስፍራ በተአምር መታመን አይገባም የሚል ሆነ። ነቢዩ ሳሙኤልም ዳዊትን ሊቀባ በተላከ ጊዜ ሳኦልን እንደ ፈራ ለምስክር ተጠቀሰ። ይህን መልስ ብዙዎች አንባብያን ችላ ብለው ያልፉታል፤ ለእኛ ግን የክርክሩ ሁሉ ዐይን ሆኖ ታይቶናል። እንጨት በመበስበሱ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም በላዩ የወጣው ጻድቅ ነው ወይስ ኃጥእ ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን የምንነቅፈው አንድ ነገር አለ። መሰላሉ የተበላሸ ከሆነ፥ ልጁን በተበላሸ መሰላል ላይ የላከው ማነው? ጉባኤው የሟቹን ልብ እስኪበቃ መረመረ፤ የአባቱን መሰላል ግን አልመረመረም። ስለ ሰማይ ፍርድ ስንከራከር በምድር ልናበጀው ይገባን የነበረውን መሰላል መርሳት የአይሁድ ብቻ ሳይሆን የሁላችን በሽታ ነው።

የረቢ ያዕቆብ መደምደሚያ እንዲህ ነው። መልካም ይሆንልህ ዘንድ የተባለው ፈጽሞ መልካም ስለ ሆነው ዓለም ነው፤ ዕድሜህ ይረዝም ዘንድ የተባለውም ፈጽሞ ረጅም ስለ ሆነው ዓለም ነው። በሕጉ አጠገብ ዋጋው የተጻፈለት ትእዛዝ ሁሉ በትንሣኤ ሙታን ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዲህ «አይሁድ የሚያውቁት የዚህን ዓለም ዋጋ ብቻ ነው» የሚለው ወቀሳ ከዚህ ላይ ይወድቃል። የትንሣኤን ተስፋ ከመጻሕፍት ቃል ብቻ ሳይሆን ከአንድ ልጅ ሬሳ አጠገብ ተነሥቶ ያስተማረ መምህር በመካከላቸው አለና።

ይህ ታሪክ ጎረቤት የሆነ ሌላ ታሪክ አለው። ረቢ ያዕቆብ የልጅ ልጅነቱ ኤልሳዕ ለሚባለው፥ ለአቡያ ልጅ ነበር። ኤልሳዕ ታላቅ መምህር ሳለ ሃይማኖቱን የተወ ሰው ነው፤ ስለዚህም መምህራን በስሙ መጥራት ትተው «ሌላው» ይሉታል። በኢየሩሳሌም ታልሙድ በሚነገረው መሠረት፥ አንድ ሰው በሰንበት ዛፍ ላይ ወጥቶ እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ወስዶ በሰላም ሲወርድ አየ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሕጉን ጠብቆ እናቲቱን ለቅቆ ሲወርድ እባብ ነክሶ ሲገድለው አየ። የተስፋው ቃል ወዴት አለ ብሎም ወጣ። በሌላ ወገን፥ ሮማውያን የገደሉትን የሑጽፒት ተርጓሚውን ምላስ እርያ ሲጎትተው አይቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ዕንቍ ያወጣ የነበረ አፍ ትቢያ ሊልስ ይገባዋልን ብሎ ሄደ ይላሉ።

አያትና የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር አዩ። አንዱ ወጣ፥ አንዱ ቀረ። ረቢ ዮሴፍ የተባለ የባቢሎን መምህር፥ ኤልሳዕ ያን ንባብ የልጅ ልጁ እንደ ተረጐመው ተርጕሞት ቢሆን ኖሮ ባልሳተም ነበር ብሎ አዝኗል። ይህ ቃል ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ኀዘኔታም አለበት። የመምህራን ተግሣጽም ይሰማበታል፤ ሰውዬው የጠፋው በክፋቱ ሳይሆን ቀና ትርጓሜ የሚነግረው አጥቶ ነውና። ደቀ መዝሙሩ ረቢ ሜኢርም መምህሩ ከወጣ በኋላ ከእርሱ መማርን አልተወም፤ የሮማኑን ፍሬ በልቶ ልጣጩን እንደሚጥል ሰው ነበር ተብሎ ይነገርለታል። በሰዎች ላይ በችኰላ «በነፍሱ ተቀጣ» የምንል ሰባክያን፥ የተስፋውን ቃል ለጠባብ ነገር ተርጕመን ስንቱን ኤልሳዕ ከደጃፍ እንደ አስወጣን ማን ይቈጥርልናል?

አሁን ወደ ራሳችን መዛግብት እንምጣ፤ ከአይሁድ መምህራን ይልቅ ወቀሳውን የሚያፈርሱት የግዕዝ መጻሕፍት ናቸውና። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ እንደ ሆነ ሊቃውንት ሁሉ ይመሰክራሉ። በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የዚሁ መጽሐፍ የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ስለ ተገኙ፥ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ ይነበብ እንደ ነበረ ታውቋል። በምዕራፍ 22 የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለይተው የሚቈዩባቸው ጕድጓዶች ይታያሉ፤ የጻድቃን ስፍራ የውኃ ምንጭና ብርሃን ያለበት ነው፤ ኃጢአት ሠርተው በሕይወታቸው ሳሉ ፍርድ ያላገኛቸው ሰዎችም የተለየ ስፍራ አላቸው። ከምዕራፍ 102 እስከ 104 ባለው ደግሞ ኃጥኣን በጻድቃን ሞት ይሣለቃሉ፤ እንደ እኛ ሞቱ፥ ከሥራቸውስ ምን ተረፋቸው ይላሉ። ሄኖክም የሰማይን መጽሐፍ እንዳነበበ ነግሮ፥ ለጻድቃን ነፍስ የተዘጋጀው መልካም ነገር በዚያ እንደ ተጻፈ ያጽናናቸዋል። እነሆ፥ የዚህ ዓለም ዋጋ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን መጽሐፍ ባልጻፈም ነበር። ይህንንም ምስክር ጠብቀው ያቈዩት አባቶቻችን ናቸው። እኛ በቤታችን ያለውን ምስክር ሳንጠይቅ በጎረቤታችን ላይ እንፈርዳለን።

ከዚህም የሚጠልቀው ዕዝራ ሱቱኤል ነው። ይህ መጽሐፍ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ካፈረሱ በኋላ፥ በዚያው በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአይሁድ ዘንድ እንደ ተጻፈ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ዕብራይስጡ ጠፍቷል፤ ከግሪኩም የቀረው ጥቂት ነው፤ በላቲን፥ በሱርስት፥ በግዕዝና በሌሎችም ቋንቋዎች ተጠብቋል። ዕዝራ የሚጠይቀው ሕዝቤ በድለን ከሆነ፥ የገደሉን ከእኛ ይሻላሉን የሚለውን ነው። መልአኩ ዑርኤል በመልስ ፈንታ የእሳትን ክብደት መዝንልኝ፥ የነፋስን ልክ ስፈርልኝ፥ ያለፈችውን ቀን መልስልኝ ይለዋል። ዕዝራ ግን ዝም አይልም። የምጠይቅህ ስለ ላይኛው ነገር ሳይሆን በየቀኑ በላያችን ስለሚያልፈው ነገር ነው ብሎ ይመልሳል፤ የሚድኑት ጥቂቶች መሆናቸውን በሰማም ጊዜ ስለ ኃጥኣን ይለምናል።

የመጽሐፉን ድካም አንሸሽግም። መልአኩ ስለ ብዙዎቹ ጥፋት የሚሰጠው መልስ የዕዝራን ልመና ያህል ልብ አይነካም፤ አንባቢም ብዙ ጊዜ ከተከራካሪው ወገን ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን መጽሐፉ የሚለወጥበትን ስፍራ እንመልከት። ዕዝራ በሜዳ ሳለ አንዲት ሴት ስታለቅስ ያገኛል። 30 ዓመት መካን ሆና ኖራ የወለደችው አንድ ልጅ፥ በሠርጉ ሌሊት ወደ ጫጕላው ሲገባ ወድቆ ሞተባት። ያ ሲከራከር የኖረው ዕዝራ አሁን አጽናኝ ይሆን ዘንድ ግድ ሆነበት። መጀመሪያ ይገሥጻታል፤ የጽዮንን ኀዘን አስታውሶ የእርሷን ያሳንሰዋል፤ መልአኩ ለእርሱ የነገረውን ዓይነት ቃል እርሱም መልሶ ይነግራታል። እርሷ ግን አትጽናናም። ዕዝራ የራሱን ጥያቄ ትቶ ከእርሷ ጋር ሲነጋገር ሳለ ግን ፊቷ በራ፤ በስፍራዋም የታነጸች ከተማ ታየች፤ ያቺ ሴት ራሷ ጽዮን ነበረች። ዕዝራ በክርክር ያላገኘውን መልስ በለቅሶ ቤት አገኘው ብንል ከመጽሐፉ ሐሳብ አንርቅም።

በቤተ እስራኤል ዘንድ የሚገኘውን፥ በግዕዝ የተጻፈውን ትእዛዘ ሰንበትም ከዚህ ጋር ማንሣት ይገባል። ይህን መጽሐፍ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 ዓ.ም. በፓሪስ አሳትሞታል። በዚያ ሰንበት እንደ ሰው ተመስላ በፈጣሪ ፊት ስለ ሰዎች ትማልዳለች። ቅጣት አለ፤ ነገር ግን በቅጣቱ መካከል የምትለምን አለች። የቤተ እስራኤል ካህናትና የእኛ ሊቃውንት በአንድ ቋንቋ ስለ አንድ ምሕረት ይጽፉ እንደ ነበር ተሳላሚ ሁሉ ቢያውቅ መልካም ነው።

ከመምህራን በኋላ ፈላስፎች መጡ። ከእነርሱ ሁሉ የሚበልጠው በኮርዶባ ተወልዶ በግብፅ የኖረውና በ1204 ዓ.ም. የሞተው ሙሴ ወልደ ማይሞን ነው። በሚሽና ላይ በጻፈው ትርጓሜ፥ ትምህርት የሚጀምርን ሕፃን ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ለሕፃኑ መጀመሪያ ለውዝና በለስ ወይም ማር ይሰጡታል፤ ከፍ ሲል ጫማና ልብስ፥ ከዚያ ገንዘብ፥ ከዚያም ሹመትና ክብር ተስፋ ያደርጉለታል። ይህ ሁሉ የልጅነት ነገር ነው፤ ፍጻሜው እውነትን ስለ እውነትነቱ መውደድ ነው ይላል። ለዚህም ከክርስትና በፊት የነበረውን የአንጢጎኖስን ትምህርት ይጠቅሳል፤ እርሱ ዋጋ እንቀበላለን ብለው እንደሚያገለግሉ አገልጋዮች አትሁኑ ብሎ አስተምሯልና። የአይሁድ ወግ እንደሚነግረን ግን ከአንጢጎኖስ ወገን የተማሩ ሁለት ሰዎች ቃሉን አጣመው፥ እንግዲያስ ዋጋም ትንሣኤም የለም ብለው ወጡ። መምህር ለማን ምን እንደሚነግር ያስተውል ዘንድ ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይኸው ሙሴ «መምሪያ ለተጠራጠሩ» በሚባለው መጽሐፉ ኢዮብን ሲተረጕም፥ ኢዮብ ጻድቅ ተባለ እንጂ ጠቢብ አልተባለም ብሎ ያስተውላል። ኢዮብ የተጨነቀው ጤናንና ሀብትን ልጆችንም የመጨረሻ መልካም ነገር አድርጎ ስለ ቈጠረ ነው፤ እግዚአብሔርን በእውነት ባወቀ ጊዜ ግን እነዚያ ሁሉ ትንሽ ሆኑበት ይላል። ዐሳቡ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ልንነቅፈው ግድ ነው። የ10 ልጆች ሞት በዕውቀት የሚያንስ ነገር ነውን? ራሱ ሙሴ ወንድሙ ዳዊት ለንግድ ሲሄድ በህንድ ባሕር በሰጠመ ጊዜ፥ አንድ ዓመት ያህል ታምሞ በአልጋ ላይ እንደ ወደቀ በደብዳቤው ጽፏል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም አልተጽናናም ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የሚለውና ልቡ የሚያውቀው አንድ አልነበሩም። እኛ ስለዚህ ሰውየውን ግብዝ አንለውም፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ደብዳቤውን እንድናምነው ያደርገናል እንጂ።

እንግዲህ በእኛ ምርመራ ከሁሉ የተሻለው መልስ የትኛው ነው? በባቢሎን ታልሙድ በረኮት በተባለው ክፍል በ5ኛው ቅጠል የተጻፈው ነው። በዚያ ቅጠል መጀመሪያ ላይ፥ መከራ የመጣበት ሰው ሥራውን ይመርምር፤ ጥፋት ባያገኝ ትምህርት ቸል ማለቱን ያስብ፤ ይህንም ባያገኝ የፍቅር መከራ መሆኑን ይወቅ የሚል ትምህርት አለ። ልብ በሉ፤ ምርመራው ለታማሚው ለራሱ የተሰጠ ነው እንጂ ለጠያቂው አይደለም። ቀጥሎ ረቢ ዮሐናን የታመመ ባልንጀራውን ሊጠይቅ ሄደ። መከራህ የተወደደ ነውን ብሎ ጠየቀው። በሽተኛውም እርሱንም ዋጋውንም አልፈልግም አለ። ረቢ ዮሐናን አልገሠጸውም። እጅህን ስጠኝ አለው፤ እጁንም ይዞ አስነሣው። በኋላ ረቢ ዮሐናን ራሱ ታመመ፤ ሌላ ባልንጀራ መጥቶ ያንኑ ጠየቀው፤ እርሱም ያንኑ መለሰ፤ በእጁም ተነሣ። ራሱን ለምን አላስነሣም ብሎ ጉባኤው ይጠይቃል፤ እስረኛ ራሱን ከወህኒ ሊያወጣ አይችልም ተብሎም ይመለሳል።

ይህ ረቢ ዮሐናን 10 ወንዶች ልጆች የሞቱበት ሰው ነበር፤ የዐሥረኛውንም ልጅ አጥንት ይዞ ለኀዘንተኞች ያሳይ ነበር ይባላል። ስለ መከራ ዋጋ መናገር የሚገባው ሰው ቢኖር እርሱ ነበረ። እርሱ ግን ዋጋውን አልፈልግም ያለውን በሽተኛ እንደ ከሓዲ አልቈጠረውም። ሰንበትን በሚመለከተው የታልሙድ ክፍልም፥ ያለ ኃጢአት ሞት የለም፥ ያለ በደልም ሥቃይ የለም የሚለው የአንድ መምህር ቃል ረጅም ክርክር ከተደረገበት በኋላ ተሸንፎ ተጥሏል። ሰባክያን የአይሁድ ሃይማኖት ነው የሚሉት ቃል፥ አይሁድ ራሳቸው በጉባኤያቸው የረቱት ቃል ሆኖ ተገኘ።

በእኛ ዘመን አቅራቢያ ይህ ሁሉ እንደ ገና በእሳት ተፈተነ። በዋርሶ ከተማ ጀርመኖች በቅጥር ዘግተው በያዟቸው አይሁድ መካከል፥ የፒያሴችኖ መምህር ቃሎኒሞስ ሻፒራ ከ1939 እስከ 1942 ዓ.ም. በየሰንበቱ ይሰብክ ነበር። አንድ ልጁ በጦርነቱ መጀመሪያ ወር ሞቶበታል። ስብከቶቹ ከጦርነቱ በኋላ ተገኝተው በ1960 ዓ.ም. ታተሙ፤ እርሱ ግን በ1943 ዓ.ም. ተገድሎ ነበር። በመጀመሪያ መከራው ከቀድሞ መከራዎች ጋር የሚመሳሰል መሆኑን አስተምሮ ነበር። በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ግን የሕዝቡን መጋዝ ካየ በኋላ፥ ከዚያ በፊት የጻፈው ቃል እስከዚያው ዓመት እኩሌታ ለነበረው ብቻ እንደሚሆን፥ ከዚያ ወዲህ ለሆነው ግን ምሳሌ እንደሌለው በስብከቱ ግርጌ ጨመረበት። ከኃጢአት መዝገብ ይልቅም በስውር ጓዳው ስለ ሕዝቡ የሚያለቅስ አምላክን ይሰብክ ነበር። መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ግርጌ ማስታወሻ ሊያስብ ይገባል። የተናገረውን ቃል እውነት ባሸነፈው ጊዜ ቃሉን አላዳነም፤ ማረመ።

ለፍርዱ እንድረስ። አይሁድ በዋጋና በቅጣት አያምኑምን? ያምናሉ፤ ሙሴ ወልደ ማይሞን ከ13ቱ የሃይማኖት መሠረቶች መካከል 11ኛውን ይህን አድርጎ ጽፎታል። የዚህ ዓለም ዋጋ ብቻ ያውቃሉን? አይደለም፤ ረቢ ያዕቆብና ሄኖክ ይመሰክራሉ። የታመመን ሁሉ ኃጢአተኛ ይላሉን? የሚል ቃል በመካከላቸው አለ፤ ያን ቃል የሚረታም አለ። እኛስ? በእኛም መካከል ሁለቱ ቃላት አሉ። ልዩነቱ፥ እነርሱ ክርክራቸውን ከነሽንፈቱ ጽፈው አኑረዋል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የራሳችንን ጠባብ ቃል የእነርሱ ነው ብለን በእነርሱ ላይ እንጽፋለን።

ስለዚህ ካህን ሆይ፥ ወደ በሽተኛ ቤት በገባህ ጊዜ የማን ኃጢአት ነው ብለህ አትጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ በሰሊሆም መንገድ ላይ ተመልሷል። ንስሓን ለሚሻ ንስሓን ስጥ፤ ለማይናገር ግን እጅህን ስጥ። ተሳላሚም ሆይ፥ ወደ አገርህ በተመለስህ ጊዜ ልጁ ስለ ሞተበት ጎረቤትህ የሰማይን መዝገብ ልትገልጥ አትቸኵል። መሰላሉ ደኅና መሆኑን አስቀድመህ ተመልከት፤ የቀረውን ፍርድ ዳኝነት ለማያዳላው ተውለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።